የማዳም ሂልዮንና የጥሩወርቅ ጾም

«ጫፉን የት አደረግሽው?»

«የቱን ጫፍ?»

«ጫፉን ነዋ! ራሱን! ቡቃያ የመሰለውን!»

አዲሷ ሠራተኛ ጥሩወርቅ በያዘችው ቢላዋ ወደ ቆሻሻ መጣያው ጠቆመችኝ። «ጣልኩት። ጫፍ ምን ያደርጋል?»

«እና ይሄ ያስቀረሽው ምንድን ነው?»

«አገዳው። ጣፋጩ ከሥር ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሸንኮራ በልተሽ አታውቂም እንዴ? ራሱን ለከብት ጥለሽ ሥሩን አይደል የምትመጥጪው? ደግሞ አገር አውቃለሁ ትያለሽ!»

«ይሄ ሸንኮራ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስልጠው፣ ስቀቅለው፣ ስጠብሰው ኖሬ ምን እንደሆነ በአማርኛ መናገር አቃተኝ። ዐረቦቹ ሂልዮን ይሉታል፣ ፈረንጆቹ አስፓራጉስ። እኔ ብቻዬን ስሆን የምጠራበት ሌላ ስም አለኝ፤ እናቴ ይህን ማንበቧ ስለማይቀር እዚህ አልጽፈውም።

እጄን እስከ ክርኔ መጣያው ውስጥ ከትቼ ጫፎቹን ከሩዝና ከሻይ ቅጠል መሃል እየለቀምኩ አወጣሁ። ጥሩወርቅ ወገቧን ይዛ ታየኛለች።

«ለሳር እንዲህ ትሆኛለሽ?»

«ለሳሩ አይደለም። ለመውጫዬ ነው።»

አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ሎሚ ጨምቄበት አቀረብኩት። ማዳም ያን ቀን ከቆሻሻ የወጣ ሂልዮን ጣቷን እየላሰች እንደበላች እስከዛሬ አታውቅም። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል።

መውጫ ያልኩት ምን እንደሆነ ላስረዳ። የምሠራው ሪያድ፣ ሱወይዲ ውስጥ፣ አጥሩ ከቤቱ በሚረዝም ግቢ ነው። ኮንትራቴ ካለቀ ቆይቷል። ከዚህ አገር ለመውጣት ግን ሻንጣና ቲኬት አይበቃም። አሠሪሽ፣ ከፊል የሚባለው፣ ስልኩ ላይ ገብቶ ኹሩጅ፣ ማለት የመጨረሻ መውጫ፣ ካልጠየቀልሽ የትም አትሄጂም። የእኔ ከፊል ባባ፣ የማዳም ባል፣ ነው። ባባ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ለመሆንም ትንሽ ትጋት ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ የግመል እሽቅድምድም ያያል፣ የጭልፊት ዋጋ ይጠይቃል። ያቺን አንዲት ነገር ለመንካት ብቻ ጣቱ ይዝላል።

«ባባ፣ ኹሩጄ?»

«ኢንሻአላህ።»

«መቼ?»

«ማዳም ስትል።»

ማዳም ደግሞ ብላ ጨርሳለች። «አዲሷ ሂልዮን ብቻዋን ሠርታ ለአማቴ ታቅርብ። አማቴ ከወደደችው በማግስቱ ትሄጃለሽ። ካልወደደችው ትቆዪና ታስተምሪያታለሽ።» እንግዲህ የእኔ ወደ አገር መግባት የተንጠለጠለው በአንዲት አሮጊት ምላስና በአንድ እስር ሳር ላይ ነበር።

የስደት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ሌሊት ነው ከቤት የሚወጡት። ዝናብ ይጥላል፣ ውሻ ይጮኻል፣ እናት በኩራዝ ትሸኛለች። እኔ ከደሴ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያየኝ። በሕጋዊ መንገድ ነው የምትሄደው ተብሎ ስለተወራ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እናቴ ሽሮና በሶ አስራ ሰጠችኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ግጥም ግጥም ስትይ ከረምሽ፤ አሁን ሰው ልትሆኚ ነው» አለችኝ። ሰው የሆንኩትን መጥታ ባየች።

አዲስ አበባ ያሠለጠነችን ሴት ዐረብ አገርን በፎቶ ነው የምታውቀው። ምንጣፍ የሚጠርገውን ማሽን ከሩቅ እያሳየች «አትንኩት፣ ይሰበራል፣ ብቻ እዩት» ትለናለች። አይተን ሠለጠንን። ሪያድ መክተቡ ውስጥ፣ ማለት ሠራተኛ የሚያከፋፍለው ቢሮ፣ አንድ ጺሙን ያስተካከለ ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«በሩዝና በሥጋ የሚሠራውን ከብሳ ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም።»

ትሠራለች ብሎ ጻፈ።

«ልጅ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ታውቃለች ብሎ ጻፈ።

«ሌላ ምን ትችያለሽ?»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

አስተርጓሚዋ ምን ብላ እንደነገረችው እንጃ፤ ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ልብስ መተኮስም ትችላለች ማለት ነው» አለ። ማዳም ቤት ስደርስ ስሜ መሠረት መሆኑ ለምላሷ ከበዳትና ማርያም አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ማርያም ነበረች። ልብሷን ወርሼ ስሟን ብተው ነውር ነበር።

ሂልዮኑን የተዋወቅኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የማዳም ሐኪም ለኩላሊትም ለውፍረትም ይበጃል ብሏታል አሉ። እሷም የጠዋት ቂጣዋንና የማታ ጣፋጯን ሳትቀንስ ሳሩን ጨመረችበት። ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ይመጣል፣ ልክ እንደ እኔ፤ ልዩነታችን እሱ በቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ ስሙ ሳይቀየር መግባቱ ነው። «ቀቅይው» አለችኝ። እኔም እንደ ጎመን አድርጌ ድስት ከድኜ ተውኩት። ልብስ አጥቤ፣ ግቢ ጠርጌ ስመለስ ድስቱ ውስጥ አረንጓዴ ጭቃ ነው የቆየኝ። ማዳም በማንኪያ አንስታ አየችውና ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ቀረጸችው። ሁለቱ ለረጅም ሰዓት ሳቁ። እኔ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

እህቶቼ፣ ይህ ሳር የሚገባበት ቤት ከገባችሁ አትደንግጡ፤ እንደ ባለቤቶቹ አያስቸግርም። ስትገዙት ጫፉ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ፣ አገዳው የማይልፈሰፈስ ይሁን። በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ሥሩ ስትለምጡት ራሱ ቦታውን መርጦ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው እንጨት ነው፣ ጣሉት። ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ልጣጭ በስሱ አንሱለት። ጫፉ ውስጥ አሸዋ ይደብቃል፣ ደህና አድርጋችሁ እጠቡት። ጨው ጣል ያደረጋችሁበት ውሃ ሲንተከተክ ክተቱት፤ አረንጓዴነቱ ሲደምቅና ቢላዋ ሲያስገባ ሳትዘናጉ አውጥታችሁ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሩት። ካልነከራችሁት ከድስት ወጥቶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን አይተውም። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ሰው በቪዲዮ እየተቀረጸ እጁን የሚያወናጭፈው። ሌላው መንገድ በዘይት፣ በጨውና በተከተከተ ነጭ ሽንኩርት አሽቶ የጋለ ኦቨን ውስጥ ጫፉ ጠቆር እስኪል መተው ነው። ለራሴ ስሠራ ግን በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ በዘይት ጠበስ አደርገዋለሁ። ያኔ ብቻ ነው ምግብ የሚመስለው።

ማቆየቱም ምንም አይደል። ለጥቂት ቀን ከሆነ ሥሩን ትንሽ ቆርጦ ውሃ ባለበት ብርጭቆ እንደ አበባ ማቆም፣ ራሱን በፌስታል መሸፈን፣ ፍሪጅ ማስገባት። ለወራት ከሆነ ቀቀል አድርጎ በበረዶ ውሃ ካቀዘቀዙ በኋላ በጨርቅ አድርቆ፣ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግቶ ማጠጠር፣ ከዚያ በፌስታል አስሮ ፍሪዘር ውስጥ መወርወር፤ ሲፈለግ ሳይቀልጥ ወደ ድስት ይገባል። አቼቶ፣ ውሃ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አፍልቶ በንጹሕ ጠርሙስ መሙላትም አለ፤ እሱም ፍሪጅ ይቀመጣል። ውሃ ብቻ ሞልታችሁ መደርደሪያ ላይ እንዳትደረድሩት፤ ሰው ይመርዛል። ሌላው ማዳም ከስልኳ የተማረችው ነው፦ በከባድ የጨው ውሃ ዘፍዝፎ ፍሪጅ ማቆየት። ይሄኛው ከጠርሙስ ሲወጣ በሁለት ሦስት ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ጨው የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። ይህችን የመጨረሻዋን አስምሩባት።

አንድ ጊዜ የራሴን ዘዴ ሞክሬያለሁ። ብዙ ተገዝቶ ሊበላሽ ሲል፣ የሪያድ ፀሐይ ከምን ያንሳል ብዬ ጣሪያ ላይ ገመድ ወጠርኩና እንደ ቋንጣ ሰቀልኩት። በርበሬም ቀባሁት። የሚበላ ነገር አልወጣውም፤ የመጥረጊያ ጭራሮ ሆነ። ማዳም ጣሪያ ወጥታ ቀይ የተቀባ እንጨት በገመድ ተንጠልጥሎ ስታይ ጮኸች። «ሲሕር! ድግምት ሠራችብኝ!» ባባ ቁርኣን የሚቀራ ሰው ጠራ። ሰውዬው አንዱን እንጨት አንስቶ አሸተተ፣ ትንሽ ነከሰው፣ አስነጠሰውና «ይሄ ድግምት ሳይሆን በርበሬ ነው» ብሎ ሄደ። እዚህ ቤት ከገቡት ሰዎች ሁሉ አስተዋይ እሱ ነበር።

ለእናቴ በስልክ ሳሩን ያሳየኋት ጊዜ ደግሞ ዓይኗን አጥብባ አየችው። «ይሄማ የሴት ቀስትን ይመስላል፤ እሾሃሙን፣ አጥር ላይ የሚሳበውን» አለችኝ። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርሽው?» ከዚያ ስለ ዝናቡ ነገረችኝ። እኔ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦

ሳር ነህ ብዬ ንቄህ፣ ሳር ሆኜልህ ቀረሁ፤
አንተ በበረዶ፣ እኔ በእሳት ኖርሁ።

ጥሩወርቅ የመጣችው ከቡሬ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በእልህም። ስሟን ማዳም «ታታ» ልትለው ስትሞክር ዞር ብላ አላየቻትም። ሦስት ጊዜ ታታ፣ ሦስት ጊዜ ዝም። በመጨረሻ ማዳም «ቱሩ» አለች፤ ጥሩወርቅም እኩሉ ይበቃታል ብላ መሰለኝ ዞረችላት። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤቱን ካልወደደችው ወደ መክተብ መልሱኝ የማለት መብት አላት። ያ ጊዜ ካለፈ በሩ ይቆለፋል። እኔ በጊዜዬ አላወቅኩም። ለጥሩወርቅ ደግሞ ነግሬያታለሁ፤ ስነግራት ለምን እንደነገርኳት ራሴም አልገባኝም።

አጠናኋት፤ አስጠናኋት። ሰደብኳት፤ ሰደበችኝ። «እጅሽ የእንጨት ፈላጭ ነው» ስላት፣ «ያንቺም ምላስ የቀበኛ ነው» ትለኛለች። ከሸንኮራው ቀን በኋላ ግን ሁለተኛ አልተሳሳተችም። ለምጣ ትሰብራለች፣ ቀቅላ በበረዶ ትነክራለች። በርበሬ አድርጌ የጠበስኩትን ሳቀምሳት «ከዕለታት አንድ ቀን ምግብ ይሆናል» አለች። ኹሩጄ በእጄ የገባ መሰለኝ።

ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሰሞን ረመዳንም ገባ።

የዚህን ቤት አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ማዳም ሁልጊዜ ክርስቲያን ሠራተኛ ነው የምታስመጣው። ልቧ ሰፊ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ረመዳን ላይ ቤቱ ሙሉ ይጾማል፣ ለማፍጠሪያ የሚሠራውን ጨው የሚቀምስ አፍ የለም። ስለዚህ አንድ ነስራኒያ፣ ክርስቲያን ማለት ነው፣ ወጥ ቤት ቆማ ትቀምሳለች። ሦስት ዓመት የቀመስኩት እኔ ነኝ። የቅቤውን ሾርባ፣ የክሬሙን፣ የሥጋውን፣ ሁሉንም በሁዳዴ። እግዚአብሔር እኔንም ያያል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በማን እጅ እንዳለም ያያል እያልኩ።

ማዳም ማንኪያውን ለጥሩወርቅ ዘረጋችላት። እኔ በመሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ።

«ቅመሺ።»

«ጾም ነኝ።»

«ረመዳን የኛ ነው። አንቺ ነስራኒያ ነሽ።»

«የኛም ጾም ገብቷል።»

«ትናንት ከሰዓት ውሃ ስትጠጪ አይቼሻለሁ!»

«ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ እጠጣለሁ። ቅቤ ግን እስከ ፋሲካ የለም።»

«ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው፣ ማዳም።»

«ታዲያ አንቺ ሦስት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?»

ማንኪያውን ተቀብዬ ቀመስኩና «ጨው ይበቃዋል» አልኩ። ጥሩወርቅ ወደ ሽንኩርት መክተፏ ተመለሰች። መመለሷ አናደደኝ።

ማታ መኝታችን ላይ፣ «እንዲያው አገር ቤት ዶሮ ስትሠሪ በጾም ጨውን እንዴት ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«በእጄ። እጄ ያውቃል።»

«እጅሽ ይሄን ሳር አያውቀውም።»

«ይለምዳላ።»

አማቲቱ ለማፍጠሪያ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ባባ ትኩስ ሂልዮን ፍለጋ ወጥቶ ባዶውን ተመለሰ፤ ገበያ ላይ ጠፍቷል። ማዳም ፍሪጁን ከፈተችና በጨው የተዘፈዘፈውን ትልቁን ጠርሙስ አወጣች። «ሾርባ ይሁን። በቅቤና በክሬም። ቱሩ ብቻዋን።» ከዚያ በጣቷ ከወጥ ቤት አስወጣችኝ። «ፈተና ነው» አለች፣ እሷ ራሷ በሕይወቷ እንቁላል ቀቅላ የማታውቀዋ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ሆኜ አየኋት። ጥሩወርቅ አገዳውን አንዴ አጠበችው፣ ደገመችው። ጎሽ አልኩ። ሽንኩርቱን በቅቤ አቁላላች፣ አገዳውን ጨመረች፣ ውሃ ሞላች። ከዚያ እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ። እንደ ልማዱ፣ ራሱ እንደሚያውቅ።

«ጥሩዬ፣ ጨው...»

«ኡስኩቲ! ዝም በይ!» ማዳም ከኋላዬ ጮኸች። «አማርኛ የለም! ፈተና ላይ ነች!» የልብስ ማጠቢያውን በር በላዬ ዘጋችው።

አዛን ሲል በተምርና በውሃ አፈጠሩ። ከዚያ ሾርባው ቀረበ። አሮጊቷ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ በዚያ ቤት አንቱ ለማለት አፌ የማይከብደኝ እሳቸውን ብቻ ነው። አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ውሃ ጠጡ። ሌላ ውሃ ጠጡ። ማዳምም ቀመሰችና ፊቷ ሾርባውን መሰለ።

«ቱሩ! ማርያም! ሁለታችሁም!»

ገባን።

«ይሄን ቀምሰሽዋል?»

ጥሩወርቅ ሳልተረጉምላት ገባት። ራሷን ነቀነቀች፣ አልቀመስኩም ብላ።

«አሁን ቅመሺው። እዚሁ። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ሁላችንም አፍጥረናል።»

ተረጎምኩ። ጥሩወርቅ ማዳምን አየቻት። «የእናንተ ፀሐይ ጠለቀች። የኔ የምትጠልቀው ለፋሲካ ነው በያት።»

ይህን እንዴት እላለሁ? «ሆዷን አሟታል፣ ማዳም» አልኩ።

ጥሩወርቅ ግን ወር ሙሉ በዚያ ቤት ስትሰማው የከረመችውን አንዲት ቃል ለቅማለች። «ላ» አለች በራሷ አፍ። «ሳይማ።» አይሆንም፣ ጾመኛ ነኝ ማለቷ ነው።

አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሳይማ ካለች ተያት፣ ልጄ። የጾመ ሰው አይገደድም።»

ነገሩ እዚህ ላይ በተቋጨ! ማዳም ግን አማቷ ፊት ተሸንፋ የምታድር አይደለችም። ሳህኑን አንስታ ጥሩወርቅ አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። «በኔ ቤት ማን እንደሚጾም የማውቀው እኔ ነኝ! ትቀምሻለሽ!» ሾርባው ፈሶ የጥሩወርቅን ልብስ ነካው።

ጥሩወርቅ ሽርጧን ፈታች። አጣጠፈችው። ወንበር ላይ አኖረችው። «መክተብ» አለች ባባን እያየች። ባባ ከእናቱ ፊት ለመጥፋት ምክንያት ስላገኘ መሰለኝ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ክንዷን ያዝኳት።

«እህቴ፣ አንዲት ማንኪያ ናት። ምላስሽን ብቻ ነካ አድርገሽ ትተፊው ነበር። አሁንም ተመልሰሽ... ስለኔ ብለሽ። ኹሩጄ በአንቺ እጅ ነው፣ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ሦስት ዓመት ቀምሰሽላቸዋል፣ መሠረት» አለችኝ። «ለቀቁሽ?»

በዚያ ቤት ውስጥ ስሜን የጠራችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ባባ በመሃላችን አለፈና ጫማውን እያጠለቀ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አይዞሽ፣ ሌላ እናመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ታስተምሪያታለሽ» አለኝ። ከሳሎኑ ማዳም ውሃ እንዳመጣ ትጠራኛለች። ማርያም! ማርያም! ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሻንጣዋን አነሳች፣ ወጣች። በሩ ተዘጋ።